አራት ኪሎ ጠመንጃ፣ ሦስት ኩንታል ካዝና

በአማርኛ ካዝና ሁለት ነው፤ አንዱ ገንዘብ የሚቆለፍበት የብረት ሣጥን፣ ሌላው ጥይት የሚሞላበት የጠመንጃ ክፍል። እብናት ላይ «ካዝና ገዛሁ» ያለ ሰው ሁለተኛውን እንደገዛ ነው የሚታሰበው። በእኛ አገር መሣሪያ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል ወይም አልጋ ራስጌ ይቀመጣል። ቆልፌ ላኑረው ያለ ሰው «ክፉ ቀን ሲመጣ ቁልፍ ልትፈልግ ነው?» መባሉ አይቀርም።

አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስለ ፈቃድና ምዝገባ ብዙ ይላል። ክላሹ ሌሊቱን የት እንደሚያድር የሚወስነው ግን ያው ባለቤቱ ነው።

እብናት ያሉት አጎቴ ጥቂት ዓመት ቢሆነውም ወስነዋል። የአምስት ዓመቱ የልጅ ልጃቸው በርጩማ ላይ ቆሞ ማንገቻውን ሲጎትት አገኙት። ጥይት ጎርሶ ነበር። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ትከሻ የሚደርስ፣ ሦስት ኩንታል የሚመዝን ካዝና ገዝተው በአይሱዙ አስመጡ። መኪናው ግን ከዳገቱ ሥር ቆመ፤ ቤቱ ከላይ ነው።

ጎረምሶቹ ተሰብስበው «ሴባስቶፖልን ያወጣ አገር ይሄን ሊያቅተው?» ይላሉ። ፉከራው ደስ ይላል። ታሪኩ ግን የሚያስተምረው ሌላ ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ለዐፄ ቴዎድሮስ የተሠራው ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ሲጠባ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ስድስት ወር የበላው ከክብደቱ ይልቅ የመንገዱ ነገር ነው፤ መንገድ አልነበረምና። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሰው ጋር ይጠርጉ ነበር። እንደ በሽሎ ባለ ሸለቆ ቁልቁል ሲወረድ ደግሞ ከሚጎትት ይልቅ ወደ ኋላ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። መድፉ ዛሬም መቅደላ ነው፤ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው አምሳያው ነው።

የአጎቴ ጎረቤት፣ ባለ ብየዳው፣ ይህን ሳያነብ ያውቀዋል። «ትከሻ ላይ አይወጣም» አለ፣ አለቀ። መጀመሪያ የካዝናውን በር ከማጠፊያው ነቅሎ ለብቻው አስወሰደው፤ ክብደቱ ወዲያው ቀለለ። መንገዱ ላይ ያለውን ድንጋይ በዲጂኖ አስነቀለ። ጣውላ አንጥፎ ከሥሩ ሦስት የውኃ ቧንቧ አስገባ፤ ከኋላ የወጣውን ቧንቧ አንስቶ ከፊት ማስገባት ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ ከበታች ድንጋይ ይወተፋል፣ ገመዱም ከላይ ባለው ባሕር ዛፍ ላይ ይጠመጠማል። ከታች በኩል ማንም እንዲቆም አልፈቀደም። አንድ ጎረምሳ ሊደግፍ ብሎ ዞር ሲል የሰማውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። የሚያዝዘውም እሱ ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው «ሳብ!» ካለ የአንዱ ጣት ይቀራል።

ደፉ ላይ ሲደርሱ ሌላ ጣጣ መጣ። የጭቃ ወለል እንዲህ ያለውን አይሸከምም፤ ቀስ በቀስ ይሰምጥና ሣጥኑ ይዘማል። ደግነቱ አጎቴ ጥጉን ቀድመው ሲሚንቶ አስሞልተውት ነበር። በሩ ከተመለሰ በኋላ ካዝናው በቡሎን ከሲሚንቶው ጋር ታሰረ። ይህ ለሌባ ብቻ አይደለም፤ ከባድ በር ወለል ብሎ ሲከፈት ሣጥኑን ወደ ፊት ሊጥለው ይችላል፤ ከፊቱ የሚቆመው ደግሞ ያው ልጅ ነው።

ጥይቱ ሌላ ቦታ ተቆለፈ። አንዱን ቁልፍ አጎቴ ከማተባቸው ጋር አሰሩት። ሁለተኛው ቁልፍ አክስቴ ዘንድ ነው፤ የት እንዳስቀመጡት ለእሳቸውም አልነገሯቸውም።