ለሥር የቆሙ ባክቴሪያዎች

በእስራኤል በኪርያት ጋት ጓሮ ቲማቲም ተክለው ከሆነ ይህን አይተው ይሆናል። ተክሉ ቀትር ላይ ይጠወልጋል፣ ሲመሽ ቀና ይላል፣ ከቀናት በኋላ ግን ውኃ ቢያጠጡትም አይነሳም። ግንዱን ከመሬት ከፍ ብሎ በቢላ ሰንጠቅ ቢያደርጉት ከልጡ ሥር ቡናማ መስመር ያያሉ። ፉዛርየም የተባለው ፈንገስ በሥር ገብቶ የውኃውን መተላለፊያ ዘግቶታል ማለት ነው። ተክሉ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በጥም ይሞታል፤ የፈንገሱ ዘር ደግሞ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል።

ገበሬው ድሮ አፈሩን ሜቲል ብሮማይድ በተባለ ጋዝ ያጥን ነበር። ጋዙ ጠቃሚውንም ጎጂውንም ይፈጃል፤ የኦዞን ሽፋንንም ስለሚያሳሳ ያደጉ አገሮች ከጥቂት ልዩ ፈቃዶች በቀር በ2005 እ.ኤ.አ. ሊያቆሙት ተስማሙ። ከኪርያት ጋት በስተሰሜን ባለችው ረሆቮት ግን ሌላ መንገድ አስቀድሞ ተጀምሮ ነበር። ያኮቭ ካታንና ባልደረቦቹ በ1976 እርጥብ አፈርን በበጋ በላስቲክ ሸፍኖ በፀሐይ ማጋልን ለዓለም አስተዋወቁ። ሙቀቱ ብዙ ፈንገሶችን ሲገድል፣ ጠንካራ ስፖር የሚሠሩት ባሲለስ ባክቴሪያዎች ይተርፋሉ። በ1988 ደግሞ እዚያው ያሉ ተመራማሪዎች ሰራሺያ የተባለ ባክቴሪያ የፈንገስን ግድግዳ የሚበላ ኢንዛይም እንዴት እንደሚጠቀም አሳዩ። ሰራሺያ ሰውንም ሊያሳምም ስለሚችል እኔ ለጓሮ አልመርጠውም፤ ባሲለስ ይሻላል።

ባሲለስ ሥሩ የሚያመነጨውን ስኳር እየተመገበ ሥሩ ላይ ይሰፍራል፣ ቦታውንም ቀድሞ ይይዛል። የሚረጨው ንጥረ ነገር የፈንገሱን ሽፋን ይበሳል፤ የተክሉን የራሱን መከላከያም ያነቃል። ሱዶሞናስ የተባለው ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ብረት ማዕድኑን ሻምቶ ፈንገሱን ያስርበዋል።

ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ባሲለስን የጠወለገ ቲማቲም ላይ ቢያፈሱት አያድነውም፣ ብዙ ሰውም ተስፋ የሚቆርጠው እንደ መድኃኒት ስለሚጠብቀው ነው። የባሲለስ ዱቄት በውኃ በጥብጦ የችግኙን ሥር ከመትከል በፊት መንከር፣ ቲማቲም በታመመበት መደብ ላይም ቲማቲም አለመድገም ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ የሽምብራን አጠውልግ በሽታ የሚያመጣው የዚሁ ፉዛርየም ዘመድ ነው፤ ዘርን በባክቴሪያ መለወስም እዚያ አዲስ ሥራ አይደለም። ናይትሮጅን የሚይዘውን ራይዞቢየም ከሽምብራና ከባቄላ ዘር ጋር በስኳር ውኃ የሚለውስ ገበሬ ጥላ ሥር ነው የሚሠራው፤ ፀሐይ ሳያገኘውም በዚያው ቀን ዘርቶ አፈር ያለብሰዋል።