ስለ ትንሹ የናፍታ ትራክተር የነዳጅ መሥመር አጠባበቅ

ትራክተር ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ ዕቃውን ከጉምሩክ አውጥቶ ለገበሬው ባስረከበ ጊዜ ንግዱ የተፈጸመ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ትራክተሩ በሰኔ ዝናብ መካከል ማሳ ላይ ቆሞ የቀረ እንደ ሆነ የሻጩም ስም አብሮት ይቆማል፤ ገበሬው የሚጠይቀው መሣሪያውን የሠራውን ፋብሪካ ሳይሆን የሸጠለትን ሰው ነውና። እኔ በሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በሚገኝ አንድ የንግድ ቤት ደብዳቤ የመቀበልና መልስ የመጻፍ ሥራ የያዝሁ ስለ ሆንሁ፣ ከደንበኞች የሚደርሰው አቤቱታ ስለ ጎማ ወይም ስለ ማርሽ ከሚናገረው ይልቅ ናፍታ ከሰልባትዮው ተነሥቶ እስከ ሞተሩ ስለሚሄድበት መሥመር የሚናገረው እንደሚበዛ አይቻለሁ። ጉዳቱም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወጪ ሊከለከል የሚችል ነው።

ትራክተር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ሥራውን ሲጀምር በአርሲ ትራክተር መታየት ጀምሮ ነበር፤ በሰቲት ሑመራም ሰሊጥና ማሽላ በትራክተር ይታረስ ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት ደግሞ በናዝሬት ከተማ ቤላሩስ የተባለው ትራክተር የሚገጣጠምበት ፋብሪካ ተቋቋመ። እነዚያ ትላልቅ ትራክተሮች ግን በብዛት የሚሠሩት የራሳቸው መካኒክና የራሳቸው የነዳጅ ማከማቻ ባላቸው ሰፋፊ እርሻዎች ነበር። ዛሬ ትንሹን ትራክተር፣ ወይም በእጅ እየተያዘ የሚነዳውን ባለ ሁለት ጎማ፣ የሚገዛው አንድ ገበሬ ወይም ገንዘባቸውን ያዋጡ ጥቂት ጎረቤታሞች ናቸው። ናፍታውንም ከማደያ በጀሪካን ወይም በበርሚል ቀድተው እስከ ቀበሌያቸው ያጓጉዛሉ። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ ይነሣል፤ የናፍታ ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ በዚያች ቅጽበት ናፍታው በኖዝሉ በኩል እንደ ጉም ተበትኖ ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ናፍታውን ይህን ያህል ለማድቀቅ ፖምፓው እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ120 እስከ 200 አትሞስፌር በሚደርስ ግፊት መላክ አለበት። የመኪና ጎማ የሚነፋው በ2 አትሞስፌር ገደማ መሆኑን ያስተዋለ ሰው የግፊቱን ብርታት ይረዳዋል። እንዲህ ያለውን ግፊት ለመያዝ፣ በፖምፓው ውስጥ ባለው ትንሽ ፒስተንና በማቀፊያው መካከል የሚቀረው ክፍተት ከጥቂት ማይክሮን የማይበልጥ ተደርጎ ይሠራል። ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ ክፍል ነው፤ የሰው ጠጕር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ይሆናል። እንግዲህ በዓይን የማይታይ የአቧራ ቅንጣት ለዚህ ዕቃ እንደ ድንጋይ ነው። ከዚህም በላይ ያ ፒስተን የሚለሰልሰው በዘይት ሳይሆን በሚያልፈው ናፍታ ስለ ሆነ፣ ውኃ የገባበት ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ናፍታ ልስላሴውን ያሳጣውና ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል።

የመሥመሩ አካሄድ ይህን ይመስላል። ናፍታው ከሰልባትዮው ወርዶ ውኃና ዝቃጭ በሚጠራቀምበት የመስታወት ጽዋ በኩል ያልፋል፤ ከዚያም ትንሿ የመሳቢያ ፖምፓ ወደ ፊልትሮ ትልከዋለች፤ ከፊልትሮው ወደ ዋናው ፖምፓ፣ ከዋናው ፖምፓም በጠንካራ የብረት ቧንቧ ወደ ኖዝሉ ይደርሳል፤ ትርፉ በመመለሻ ቱቦ ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል። በባለ ሁለት ጎማው ትራክተር ሰልባትዮው ከሞተሩ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ናፍታው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ የመሳቢያ ፖምፓም ብዙውን ጊዜ የለውም።

ከጠላቶቹ ሁሉ የከፋው ውኃ ነው። ማደያው ላይ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳ ናፍታ እንኳ በገበሬው ግቢ ሊበላሽ ይችላል። ነዳጅ በበርሚል ለመቅዳት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ስለሚጠየቅ፣ ገበሬው በየጊዜው ከመመላለስ አንድ ጊዜ ብዙ ቀድቶ ማኖርን ይመርጣል፤ ይህንንም ስላደረገ አይነቀፍም። ነገር ግን በርሚሉ በደጅ ቀጥ ብሎ የቆመ እንደ ሆነ የዝናብ ውኃ በላዩ ይቋጥራል። ቀን በፀሐይ የሞቀው በርሚል ሌሊት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይኰማተርና በክዳኑ ጥርስ በኩል የተቋጠረውን ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ክዳኑ ጠብቆ የታሰረ ቢመስልም ይህ መድረሱ አይቀርም። ስለዚህ በርሚሉ ከጣራ ሥር በእንጨት ላይ ተጋድሞ፣ ቧንቧው ባለበት በኩል ጥቂት ከፍ ብሎ ሊቀመጥ ይገባዋል፤ ያን ጊዜ ውኃውና ዝቃጩ ወደ ኋላ ይሰበሰባሉ እንጂ በቧንቧው አይወጡም። ከመንገድ የመጣ ናፍታም ወደ ትራክተሩ ከመጨመሩ በፊት ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይነቃነቅ ሊያርፍ ያስፈልገዋል። አንድ ሊትር ናፍታ 840 ግራም ያህል ስለሚመዝን ከርሱ የሚከብደው ውኃ ወደ ታች ይወርዳል። ከበርሚሉ ሥር የቀረችውን ጥቂት ናፍታ አሟጥጦ መቅዳት ቁጠባ መስሎ ቢታይም ቁጠባ አይደለም። ባለ ሱቆችም የዚንክ ልባስ ያለውን የቆርቆሮ ዕቃ ለናፍታ ማኖሪያ ብለው ባይሸጡ መልካም ነው፤ ናፍታ ከዚንክ ጋር ሲቈይ ፊልትሮን የሚደፍን ዝቃጭ ያበጃል።

በደጋው አገር ሌሊቱ ብርድ ስለ ሆነ፣ ግማሹ ባዶ የሆነ ሰልባትዮ ሲያድር በውስጡ ያለው እርጥብ አየር ጤዛ ይሆናል። ማታ ሥራ ሲያበቃ ሰልባትዮውን መሙላት፣ ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ሳይነሣ ከጽዋው ሥር ያለችውን መፍቻ ላላ አድርጎ ንጹሕ ናፍታ እስኪወርድ ድረስ ማፍሰስ፣ ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ነው።

ስለ ፊልትሮ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የወረቀት ፊልትሮ በቤንዚን ታጥቦና በአየር ተነፍቶ እንደገና የሚያገለግል ዕቃ አይደለም፤ ሲነፋ ወረቀቱ ይቀደድና ቆሻሻውን ሁሉ ያሳልፋል። መለወጫው በመመሪያ መጽሐፉ የተጻፈው የሥራ ሰዓት ሲደርስ ነው፤ ናፍታው በጀሪካን የሚመጣና አቧራው የበዛ ከሆነም ከዚያ አስቀድሞ መለወጥ ይበጃል። የትራክተሩ ጉልበት ዳገት ላይ የሚደክም፣ ወይም ሞተሩ ተነሥቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ፣ ፖምፓውን ከመፍታት በፊት ፊልትሮውን መመልከት ያስፈልጋል። በገበያው ላይ መልኩ ከእውነተኛው ጋር አንድ የሆነ፣ በውስጡ ግን ስስ ወረቀት ያለበት ፊልትሮም ይገኛል። አንድ ሱቅ እንዲህ ያለውን ዕቃ ለአንድ ደንበኛችን ሸጦለት በዚያው ክረምት ፖምፓው ተበላሽቶበታል፤ ደንበኛው ግን ወቀሳውን የላከው ለእኛ ነው።

ፊልትሮ በተለወጠ ወይም ናፍታ ባለቀ ጊዜ በመሥመሩ ውስጥ አየር ይገባል። አየር እንደ ናፍታ ግፊትን ስለማያስተላልፍ ኖዝሉ አይከፈትም፤ ባትሪው እስኪያልቅ ቢሞከር ሞተሩ አይነሣም። አየሩን ለማስወጣት በመጀመሪያ በፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የማስተንፈሻ ብሎን አላልቶ፣ የመሳቢያ ፖምፓዋን በእጅ እየገፉ አረፋ የሌለበት ናፍታ እስኪወጣ መጠበቅ፣ ከዚያ ማጥበቅ፤ ቀጥሎም በዋናው ፖምፓ ላይ እንዲሁ ማድረግ፤ በመጨረሻ በኖዝሉ ያለውን የቧንቧ ማሰሪያ ጥቂት አላልቶ ሞተሩን ማዞር ነው። በዚህ ጊዜ እጅን ከኖዝሉ ፊት ማቅረብ እጅግ አደገኛ ነው። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍታ ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ መስሎ ቢታይም ሰውየው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

አንድ ሌላ ልማድ ደግሞ ሊነገር ይገባዋል። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስስ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በአሰላ ዓይነት አገር፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በቆላ ከሚሰጠው ጉልበት ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል። ይህንን የማያውቅ መካኒክ የፖምፓውን የታሸገ ብሎን አዙሮ ናፍታ ይጨምራል። የሚጨመረው ናፍታ ግን የሚያቃጥለው አየር ስለሌለ ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ ነዳጁ ይባክናል፤ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል። ሻጩ ለደጋው ደንበኛ ከመሸጡ በፊት እውነቱን ነግሮ ጉልበቱ ከፍ ያለውን ትራክተር ቢያስመርጠው ኋላ ከሚመጣ ክርክር ይድናል። ፖምፓና ኖዝል መስተካከል ያለበት መፈተሻ መሣሪያ ባለው ጋራዥ ብቻ ነው።

እንግዲህ አስመጪው ትራክተሩን በሚያዝበት ደብዳቤ ላይ፣ ለያንዳንዱ ትራክተር ቢያንስ የሁለት ዓመት ፊልትሮ፣ የጽዋውን ጎማ፣ የመዳብ ሮንዴላዎች፣ የመመለሻ ቱቦና አንድ ትርፍ የኖዝል ጫፍ አብሮ ቢያዝዝ ከጠቅላላው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ትራክተሩ ከቆመ በኋላ ለብቻው ማስመጣት ግን የውጭ ምንዛሪ መጠበቅን፣ ከዚያም የማጓጓዣና የጉምሩክ ጊዜን ይጠይቃል፤ የእርሻ ወራት ደግሞ ይህን ያህል አይቈይም። በሶማሌ ተራም ሆነ በክፍለ አገር መለዋወጫ የሚሸጥ ባለ ሱቅ፣ ደንበኛው የትራክተሩን ስምና ቀለም ሲነግረው በዚያ ብቻ ፊልትሮ አይስጠው። የትራክተሩ ስም አንድ ሆኖ ሞተሩ ግን በየጊዜው የተለያየ ሊሆን ይችላል። በሞተሩ ላይ በተለጠፈችው የብረት ጽሕፈት ያለውን ቁጥር ጽፎ፣ ከተቻለም አሮጌውን ፊልትሮ ይዞ እንዲመጣ ይጠይቀው።