ያበጠ ክርን ሁሉ ወለምታ አይደለም

ገበሬ ወገኖች! ዕርፍ የሚጨብጥ ክንድ ክርኑ ሲያብጥ «ወለም ብሎት ነው» ተብሎ ወጌሻ ይጠራል። ሰው ሳይወድቅ፣ ሳይመታ የጀመረ፣ ለወራት ቀስ እያለ የሚያብጥ፣ ክንድ መዘርጋትና ማጠፍ የሚከለክል እብጠት ግን ሥሩ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሥር ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ ነው።

«የሳንባ በሽታ ክርን ላይ ምን አመጣው?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው! ጀርሙን በ1874 ዓ.ም. ያገኘው ሮበርት ኮኅ የተባለ የጀርመን ሐኪም ነው። ጀርሙ ከሳንባ በደም ተጉዞ መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ተቀምጦ አጥንቱን ቀስ በቀስ ይበላል። በሽተኛው ላያስለው ይችላል፤ በዚህ እንዳትታለሉ። ከታመመች ላም ባልፈላ ወተትም ይመጣል።

እንዲህ ያለ ክርን ቢታሽ፣ ቢጎተት ይብስበታል። በጋለ ብረት መተኮስማ ቁስል መጨመር ነው። ሰውየው ከከሳ፣ ማታ ማታ ካላበው፣ ትኩሳት ካለው ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የቲቢ መድኃኒት በነፃ ነው። ብዙ ወራት ይዋጣል፤ ሻል አለኝ ብሎ ማቋረጥ ጀርሙን ከመድኃኒቱ ጋር ያላምደዋል። ቶሎ የጀመረ ክንዱ ሊታጠፍለት ይችላል፤ የዘገየ ክርኑ ደርቆ ሊቀር ይችላል። አብረውት የሚኖሩትም ይመርመሩ።