ድምፅ የሌለው ኡኡታ

ጅሬን ላይ፣ ከዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት በረንዳ ቆሞ ጅማን ቁልቁል ያየ ሰው፣ ንጉሡ ኮረብታውን ለምን እንደመረጡት አይጠፋውም። ከላይ ሆኖ ሁሉ ይታያል፤ ከታች የተጮኸም ይሰማል። ስልክ በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ በኋላም ቢሆን፣ በእነዚህ የቡና ከተሞች ድንገተኛ ጥሪ ለብዙ ዘመን ድምፅ ብቻ ነበር። አንዱ «ኢያ» ብሎ፣ ሌላው «ኡኡ» ብሎ ይጮኻል፤ ቤት ሲቃጠል፣ ምጥ ሲጠና፣ ጅብ በረት ሲገባ። የሰማ ይወጣል፣ ያልሰማ ይነገረዋል። ሞት ሲሆን ደግሞ የዕድሩ ጡሩምባ አለ።

አጭር የስልክ ቁጥር ይህን ልማድ አልሻረውም፣ አራዘመው እንጂ። 907 ደውሎ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ፣ 991 ደውሎ ፖሊስን የሚጠራ ሰው ያው ኡኡ ማለቱ ነው፤ ጎረቤቱ ራቀ እንጂ። «የት ሰፈር?» ይባላል፣ ይመልሳል፣ «ከምኑ አጠገብ?» ይባላል፣ ይመልሳል። መስማት ለተሳነው ወይም ስትሮክ አንደበቱን ለያዘበት ሰው ግን ይህ ጥያቄና መልስ ገና ከመጀመሪያው የተዘጋ ነው። ኢንተርኔት ሲመጣ ነገሩ በአንድ በኩል ቀለለ፣ በሌላ በኩል ተወሳሰበ።

ከእኛው ደጅ እንጀምር። ጅማ መርካቶ አካባቢ ወይም አጋሮ መናኸሪያ ስልኩን ፊቱ አቁሞ በሁለት እጁ የሚያወራ ወጣት ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ኢሞ ነው፣ ቴሌግራም ነው፣ ወይ ዋትስአፕ። ለሚሰማ ሰው ቪዲዮ ጥሪ የናፍቆት መወጫ ነው፤ ለመስማት ለተሳነው ግን ስልክ የሚባለው እሱ ብቻ ነው። በራሱ ቋንቋ፣ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ፣ ፊትና እጅ እያየ የሚያወራበት ሌላ መስመር ኖሮት አያውቅም።

አሁን እንበልና መስማት የተሳናት አንዲት እናት አጋሮ ላይ በሌሊት ባሏ ወደቀባት። ስልክ አላት፣ ካርድም ሞልታለች፣ ጥቅልም ገዝታለች። 907 ብትደውል የሚሰማት የለም፤ እሷም የሚባለውን አትሰማም። ኢሞ ላይ 907 የሚባል ሰው የለም። ዋትስአፕ ለምሳሌ በአገልግሎት ውሉ ላይ የድንገተኛ ጥሪ እንደማያደርስ ይጽፋል፤ ማን ያነበዋል እንጂ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላለች ለምትሰማ እህቷ ቪዲዮ ትደውላለች። እህት ከእንቅልፏ ነቅታ በምልክት የተነገራትን ወደ ድምፅ ትለውጥና አዲስ አበባ ሆና 907 ትደውላለች። ታካሚው ያለው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። ይህ የቤተሰብ ቅብብሎሽ በአንዳንድ አገሮች ስምና ሕግ ያለው አገልግሎት ነው።

የዚያ አገልግሎት ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ሮበርት ዋይትብሬክት የተባለ መስማት የተሳነው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ፣ አሮጌ የቴሌታይፕ መኪና ከተራ የስልክ መስመር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ ሠራ። ከዚያ በኋላ መስማት የተሳናቸው ሰዎች በስልክ መጻጻፍ ቻሉ። የ1990ው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ደግሞ የስልክ ኩባንያዎች አስተርጓሚ ኦፕሬተር እንዲያቀርቡ አስገደደ፤ አንዱ ይጽፋል፣ ኦፕሬተሩ ያነብለታል፣ የሌላውን ድምፅ መልሶ ይጽፍለታል። ቪዲዮ ሲመጣ ያው ሥራ በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መሠራት ጀመረ። እኛ ዘንድ ቴሌታይፕ የቤት ዕቃ ሆኖ አያውቅም። ከምንም በቀጥታ ወደ ሞባይል ተሻገርን።

የኢንተርኔት ስልክን ጣጣ ዓለም በግልጽ ያየው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ሂዩስተን ከተማ ሌቦች ቤት ሰብረው ገብተው ወላጆቿን በጥይት የመቱባት ልጅ ወደ አሜሪካ የድንገተኛ ቁጥር 911 ደወለች። የቤቱ ስልክ በኢንተርኔት የሚሠራ ስለነበር ጥሪዋ አልደረሰም። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከመደበኛው ስልክ ጋር የሚያገናኙ የኢንተርኔት ስልክ አቅራቢዎች ሁሉ በ120 ቀን ውስጥ 911ን እንዲያስገቡ አዘዘ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የድሮ ስልክ ሽቦው ከግድግዳው ስለማይነቀል አድራሻው ይታወቃል። የኢንተርኔት ስልክ ግን ዛሬ ጅማ፣ ነገ ሐዋሳ ሊሆን ይችላል፤ መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። ጥሪው ወደ የትኛው ከተማ ማዕከል ይሂድ? የድንገተኛ ጥሪ መሐንዲሶች ሃያ ዓመት የተከራከሩት በዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ የአካል ጉዳተኞቹ ድርሻ ተከተለ። እ.ኤ.አ. የ2010ሩ የአሜሪካ ሕግ ተደራሽነትን ወደ ኢንተርኔት መገናኛዎች አመጣ፤ ኩባንያዎችም እስከ 2014 መጨረሻ ለ911 የጽሑፍ መልእክት እንዲያስተላልፉ ታዘዙ። ፈረንሳይ ከ2011 ጀምሮ ለዚሁ 114 የሚባል ቁጥር አላት። ብሪታንያ በሰኔ 2022 መስማት የተሳነው ሰው በቪዲዮ ደውሎ ከ999 የድንገተኛ መስመር ጋር በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የሚነጋገርበትን አገልግሎት ከፈተች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ የድንገተኛ ቁጥሩ 112 የፈጣን ጽሑፍ ጥሪ እንዲቀበል ግዴታ አድርጎ፣ ለጥሪ ማዕከላት እስከ 2027 የሚደርስ ጊዜ ሰጥቷል።

ፈጣን ጽሑፍ ስል አጭር መልእክት ማለቴ አይደለም፤ ልዩነቱ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። አጭር መልእክት ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው የሚላከው፤ መቼ እንደሚደርስም ማረጋገጫ የለውም። በበዓል ዋዜማ የተላከ «እንኳን አደረሳችሁ» በማግስቱ የደረሰው ሰው ይህን አያጣውም። ፈጣን ጽሑፍ ግን ፊደል በፊደል፣ እንደተነካ ወዲያው ከወዲያኛው ስክሪን ይታያል። ሰውየው «እሳት» ብሎ ጀምሮ ቢያቆም እንኳ ማዕከሉ «እሳት» የሚለውን አይቷል። ግማሹ ጩኸትም ጩኸት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የኢንተርኔት ስልክ መጀመሪያ ሕግ መጽሐፍ ውስጥ የገባው እንደ ወንጀል ነበር። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 281 በኢንተርኔት የድምፅ ግንኙነትን ከለከለ። የ2004ቱ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ አገልግሎቱን ለሚሰጥ ከ3 እስከ 8 ዓመት፣ ለሚጠቀም እንኳ ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት እስራት ደነገገ። ዓላማው የዓለም አቀፍ ጥሪ ገቢን መጠበቅ ነበር፤ ስካይፕ ለግል መጠቀም ግን ክልክል እንዳልሆነ መንግሥት በወቅቱ ማብራሪያ ሰጥቷል። ያም ሆኖ አንድ ቴክኖሎጂ በወንጀል ዓይን በሚታይበት አገር «ከድንገተኛ ቁጥር ጋር ይገናኝ» የሚል ጥያቄ አይነሣም። የ2011ዱ የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ዘርፉን ለውድድር ከፍቶ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቋመ፤ ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ሥራ ሲጀምር ቴሌ ብቻውን መሆኑ ቀረ። ከዚያ በኋላ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ፍጥነትና ስለ ጥቅል ዋጋ ሆነ።

ጥያቄውን ለማንሣት የሚያስችል ሕግ ግን ነበረን። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአዋጅ 676/2002 ተቀብላለች። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 9 ተደራሽ መሆን ካለባቸው ነገሮች መካከል የኤሌክትሮኒክስና የድንገተኛ አደጋ አገልግሎቶችን በስም ይጠራል። ስለ ተደራሽነት ሲወራ እኛ ቶሎ የሚታየን የሕንፃ መወጣጫ ነው፤ የዚያው አንቀጽ ሌላው ግማሽ ተረስቷል።

ስንት ሰው ይመለከታል? የ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኞችን 1 በመቶ ገደማ አድርጎ አገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በዓለም ደረጃ 16 በመቶ ይላል። ልዩነቱ የጤና ሳይሆን የአጠያየቅ ነው። «ቤት ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ?» ተብሎ የተጠየቀ አባወራ ልጁን ጓዳ ትቶ «የለም» ሊል ይችላል፤ «ለመስማት የሚቸገር አለ?» ቢባል ምናልባት አያቱንም ይቆጥር ነበር።

መገናኛ የመዝጋት ነገር ሲነሣ ደግሞ አንድ የመረረ ታሪክ አለ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ከሁለት ዓመት በላይ ቆየ። ለአብዛኛው ሰው ይህ የደቂቃ ሒሳብ መጨመር ነበር፤ ይደውላላ። ለመስማት ለተሳነው ግን ስልኩ በኪሱ ያለ ድንጋይ ሆነ። በሰኔ 2012 ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግስት ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥም የድምፅ ጥሪ ይሠራ ነበር፤ ጅማ ያለ ሰው ዘመዱን ደውሎ «ደህና ናችሁ?» ማለት ይችላል። በምልክት የሚያወራው ሰው ያንን ጊዜ ያሳለፈው ምንም በማይነገረው ከተማ ውስጥ ነው። ኢንተርኔት የመዝጋት ክርክር ሲነሣ የንግድ ኪሳራ ይሰላል፤ ይህ ሲሰላ ሰምቼ አላውቅም።

ጅማና አካባቢዋ የራሷ ጠባይ አላት፤ ለዚህ ጉዳይ አስቸጋሪም ምቹም ነው። አስቸጋሪው ጽሑፍ ነው። መስማት የተሳናቸው ብዙዎች ትምህርት ቤት አልደረሱም፤ የደረሱትም በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የሚጽፉት በምልክት ቋንቋ ሰዋስው እየተመሩ ነው። ከዚያ ላይ በዞኑ ትምህርት የሚሰጠው በኦሮምኛ ስለሆነ ከሊሙ ገነት የሚላክ መልእክት በቁቤ፣ ከጅማ መርካቶ የሚላከው በፊደል፣ የወጣቶቹ ደግሞ በላቲን ፊደል በተጻፈ አማርኛ ሊሆን ይችላል። ተቀባዩ ሦስቱንም ማንበብ አለበት። ስለዚህ «ቴክስት ይከፈትላቸው» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ከጽሑፉ ጎን በቪዲዮ የሚቀርብ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ያስተምራል፤ ባለሙያ ፈጽሞ የለም ማለት አይቻልም።

ምቹው ደግሞ አድራሻ ነው። ሌላው ዓለም የኢንተርኔት ስልክን የሚወቅሰው አድራሻ ስለሚያጠፋ ነው። እኛ ዘንድ ግን የሚጠፋ አድራሻ መጀመሪያም የለም! «ከመስጊዱ ጀርባ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፈህ፣ ቡና የተሰጣበት ግቢ» የሚል መመሪያ በድምፅ ጥሪ ሲተላለፍ አምቡላንሱ ሁለት ጊዜ ዞሮ ይመለሳል። በቴሌግራም የተላከ ሎኬሽን ግን በሩ ድረስ ይወስደዋል። በወረዳዎቹ ሰው ስልኩ ላይ መዝግቦ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ አጭር ቁጥር ሳይሆን የአምቡላንስ ሾፌሩን ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ሞባይል ነው። ያ ሞባይል ስማርት ስልክ ከሆነ፣ መስማት የተሳናት የአጋሮዋ እናት ከአዲስ አበባ ይልቅ እዚያው ጎረቤቷ ካለው ሾፌር ጋር በአንድ ምስልና በአንድ ሎኬሽን መግባባት ትችላለች። በሽተኛው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል መድረስ ካለበት መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚያስፈራው የሚባክነው የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው።

ዳታ በማይደርስበት የቡና ጫካ ውስጥ ቪዲዮ ከንቱ ነው። እዚያ ተስፋ የማደርገው ሰው በሚንቀው ነገር ላይ ነው፤ ኮከብና መሰላል ላይ። ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት፣ በተራ ቁልፍ ስልክ ገንዘብ ያስልካል። በዚያው መንገድ «1 አምቡላንስ፣ 2 እሳት፣ 3 ፖሊስ» የሚል ዝርዝር ማውጣት አዲስ ፈጠራ አይጠይቅም። መናገር የማይችለውም፣ ከሚደበድባት ሰው ተደብቃ ድምፅ ማውጣት የማትችለውም ይጠቀሙበታል።

ዓይነ ስውራን በዚህ ጉዳይ የተሻለ ዕድል አላቸው፤ ጥሪው በድምፅ ነውና። ቁልፍ ስልኩ ላይ 5 ቁጥር ያለችው ትንሽ እብጠት ለዓመታት መሪያቸው ሆና ኖራለች፤ ለስላሳው ስክሪን መጥቶ እሷን ወሰደባቸው፣ በምትኩ የሚያነብ ድምፅ ሰጣቸው። በዊልቸር የሚሄዱት ደግሞ መደወሉ አይቸግራቸውም፤ ችግሩ የሚጀምረው መኪናው ሲመጣ ነው።

እንዲህ ያለ አገልግሎት እስኪመጣ ድረስ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። ወላጆቹ መስማት የተሳናቸው፣ እሱ ግን የሚሰማ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ስልኩን ይዞ፣ አባቱ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ እናቱ በእጇ ስትነግረው እሱ በአፉ ይናገራል። ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው የልጅ ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ የሚለው ነገር አንድ ነው፦

«ማሙሽ፣ እስቲ ትልቅ ሰው አቅርብልኝ።»