ሐሞት ከረጢት ጾምና ፍስክ አይለይም

ብዙ ሰው የሐሞት ጠጠር እንዳለበት የሚያውቀው «ጨጓራዬ ነው» እያለ ዓመታት ከገፋ በኋላ ነው። ሕመሙ ከደረት በታች ከእምብርት በላይ፣ ወደ ቀኝ ጎድን ሥር ያጋደለ ነው፤ አንዳንዴም ወደ ጀርባና ወደ ቀኝ ትከሻ ይዘልቃል። ጨጓራም እዚያው ሰፈር ስለሆነ ኦሜፕራዞል ይዋጣል፣ በርበሬ ይቀነሳል፣ ሕመሙ ግን ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል። በመጨረሻ አልትራሳውንድ ይታዘዛል። «ጠጠር አለ፤ ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት፤ ቀጠሮ ያዙ» ይባላል። ቀጠሮው ደግሞ ነገ አይደለም። ተራ መጠበቅ አለ፣ ገንዘብ ማሰባሰብ አለ፣ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ማግኘት አለ። እስከዚያው ምን ይበላል?

ሐኪሙ በችኮላ የሚሰጠው መልስ «ቅባት ይቀንሱ» የሚል ነው። ልክ ነው፤ ግን እኛ አገር «ቅባት» ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቅቤና ጮማ ነው። ታማሚው ክትፎውንና ዶሮ ወጡን ትቶ፣ በሙሉ ልብ ወደ ጾም ምግብ ይዞራል። ዘይት የተንሳፈፈበት ተጋቢኖ፣ በዘይት የራሰ ጥቅል ጎመን፣ ሁለት ሳምቡሳ፣ በላዩ ላይ አንድ ትልቅ ብርጭቆ የአቮካዶ ጭማቂ። ሌሊት ላይ ሕመሙ ሲቀሰቅሰው ግራ ይገባዋል፤ «የጾም ነው'ኮ የበላሁት!» ይላል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጉበት በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ሐሞት ያመነጫል። ሥራው ቅባትን መበታተንና ለመፈጨት ማመቻቸት ነው። ከረጢቱ የሚይዘው ግን ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ፣ ማለትም ከአንድ የቡና ሲኒ ያነሰ ነው። ስለዚህ ውሃውን እየመጠጠ፣ ሐሞቱን እያወፈረ ያከማቻል። በሐሞቱ ውስጥ ኮሌስትሮል ሲበዛ ወይም ከረጢቱ በደንብ ሳይጨመቅ ሲቀር ዝቃጩ እየጠነከረ ጠጠር ይሆናል። ሴቶች ላይ፣ በተለይ በእርግዝና ወቅት፣ ዕድሜያቸው በገፋና ውፍረት ባላቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ይበረታል።

ጠጠሩ ዝም ብሎ ሲቀመጥ አያምም። አብዛኞቹ ባለ ጠጠሮች ዕድሜ ልካቸውን ሳያውቁት ይኖራሉ። ነገሩ የሚነሳው ቅባት ያለው ምግብ ከጨጓራ ወጥቶ ትንሹ አንጀት መግቢያ ላይ ሲደርስ ነው። የአንጀቱ ግድግዳ ቅባቱን ሲያገኝ ኮሌሲስቶካይኒን የተባለ ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1928 ስሙን ከዚሁ ሥራው ያገኘው ይህ ሆርሞን ሐሞት ከረጢቱን ያስጨምቀዋል። ከረጢቱ ሲጨመቅ ጠጠሩ ወደ መውጫው ተገፍቶ ይሸጎጣል። ሐሞቱ መውጫ ያጣል፣ ከረጢቱም ይወጠራል። ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ሰቅዞ የሚይዘው ሕመም ይህ ነው። ከረጢቱ ሲላላ ጠጠሩ ወደ ኋላ ይመለስና ሕመሙ «በራሱ» ይለቃል።

እዚህ ላይ ሆርሞኑ አንድ ነገር አይጠይቅም፦ ቅባቱ ከላም ይምጣ ወይስ ከኑግ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 14 ግራም ቅባት አለው፤ ንጥር ቅቤም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የወይራ ዘይት ለልብ ይሻላል፣ እውነት ነው፤ ለታመመ ሐሞት ከረጢት ግን ያው ዘይት ነው። ኦቾሎኒና ሰሊጥ ከክብደታቸው ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ከ100 ግራም አቮካዶ ወደ 15 ግራሙ ቅባት ስለሆነ፣ ጁስ ቤት ሁለት አቮካዶ ፈጭቶ የሚያቀርበው ወፍራም ብርጭቆ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት እንደመጠጣት ነው። ጤናማ ምግብ መሆኑ አልቀረም፤ ጊዜው ግን አይደለም።

በተቃራኒው፣ ያለ ጥፋታቸው የተፈረደባቸው የፍስክ ምግቦች አሉ። አይብን እንውሰድ። አገር ቤት አይብ የሚወጣው ወተቱ ተንጦ ቅቤው ከተለየ በኋላ፣ ከቀረው አሬራ ነው። ቅቤው አስቀድሞ ስለወጣለት ቅባቱ አነስተኛ ነው፤ ላዩ ላይ ንጥር ቅቤ ካልፈሰሰበት ለሐሞት ታማሚ ጥሩ ምግብ ነው። ዶሮም እንዲሁ። የእኛ ባለሙያ ዶሮ ስታዘጋጅ ቆዳውን ገፍፋ፣ ከሥሩ ያለውን ስብ ለቅማ፣ በሎሚና በጨው ደጋግማ አጥባ ነው፤ ከቆዳውና ከስቡ የተለየ የዶሮ ሥጋ ደግሞ ቅባቱ ትንሽ ነው። ዶሮ ወጥን ዶሮ ወጥ የሚያደርገው፣ ሐሞትንም የሚያስነሳው ቁሌቱ ላይ የሚገባው ቅቤ ነው።

መፍትሔውም እዚያው ምድጃ ላይ አለ። እናቶቻችን ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ ነው የሚያቁላሉት፤ በቀስታ እሳት፣ እንዳያር እያማሰሉ፣ ሲይዝ ውሃ ጠብ እያደረጉ። ሽንኩርቱ ቀልጦ ቡናማ ሲሆን ነው ዘይት ወይም ቅቤ የሚገባው። ለታማሚ ሲሆን ይህን የመጀመሪያውን ምዕራፍ አስረዝሞ ሁለተኛውን ማሳጠር ነው። በርበሬው በውሃ ይቁላላ፤ ዘይቱ በጭልፋ ወይም ከጠርሙሱ «በግምት» ሳይሆን በሻይ ማንኪያ ተለክቶ ይግባ። አንድ የሻይ ማንኪያ ወደ 5 ግራም ቅባት ነው። ለአራት ሰው በሚሠራ ምስር ወጥ ሦስት የሻይ ማንኪያ ቢገባ ለአንድ ሰው አራት ግራም እንኳ አይደርስም። ጣዕሙ ይቀንሳል? ትንሽ ይቀንሳል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና በሶብላ ቸር ከሆኑበት ግን የሚበላ ወጥ ነው።

ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ አልጫ ድንች በካሮት፣ ጎመን፣ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቅንጬ፣ በሶ፣ የተቀቀለ ቀይ ሥጋ ያለ ጮማ፣ በውሃ የበሰለ ወይም የተጋገረ ዓሣ፤ እነዚህ ሁሉ ዘይታቸው ከተያዘ ወዳጅ ናቸው። ጥርጥር የሌለባቸው ጠላቶች በዘይት ተጠልቀው የሚወጡት ናቸው፦ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ የተጠበሰ ድንች፣ የተጠበሰ ዓሣ። ገንፎ ራሱ ምንም አይልም፤ መሀሉ ላይ የተቆፈረው የቅቤ ጉድጓድ ነው ችግሩ። እንቁላል አንዱን ሰው ይነካል፣ ሌላውን አይነካም፤ አስኳሉ ወደ 5 ግራም ቅባት ስላለው ቀቅሎ አንድ መሞከር ይቻላል። በርበሬ በሐሞቱ ጉዳይ ብዙም አይወቀስም፤ የሚያቃጥለው ጨጓራን ነው። ቡና ግን ያው ሆርሞን እንዲለቀቅና ከረጢቱ እንዲጨመቅ እንደሚያደርግ በጥናት ታይቷል። ሦስቱንም ሲኒ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ መጨረስ ለሁሉም ላይስማማ ይችላል። ራስን ማየት ነው።

ራስን ማየት ያልኩት በምክንያት ነው። «ይህን የበላ ያመዋል፣ ያን የበላ አያመውም» ብሎ የሚቆርጥ ጠንካራ ጥናት የለም፤ ማስረጃው ሰዎች ከሚያምኑት በላይ ስስ ነው። የብሪታንያው ናይስ የተባለ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ምክርም ከዚህ አያልፍም፦ ጠጠሩ ወይም ከረጢቱ እስኪወጣ ድረስ ሕመም የሚቀሰቅስብዎትን ምግብና መጠጥ ያስወግዱ። የእርስዎን ቀስቃሽ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ስልክዎ ላይም ቢሆን የበሉትንና ያመመዎትን ሰዓት ይጻፉ። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሌሊት ስለሆነ፣ ራት ላይ ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ ጥብስ በልቶ መተኛትን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። ከአንድ ትልቅ ማዕድ ይልቅ ከፋፍሎ አራት ጊዜ መብላት ይሻላል።

አሁን ወደ ሌላው ጥግ። ሕመሙን የፈራ ሰው ጨርሶ መብላት ያቆማል። ይህም አያዋጣም። አልትራሳውንድ ከመነሳትዎ በፊት ለ6 ወይም ለ8 ሰዓት እንዳይበሉ የሚታዘዙት ከረጢቱ ሞልቶ በደንብ እንዲታይ ነው። ያልበላ ሰው ከረጢት ሐሞቱን ይዞ ይቆያል፤ የቆየ ሐሞት ይወፍራል፣ ይዘቅጣል። በሳምንት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ የሚቀንስ ሰው ላይ ደግሞ ጉበቱ ተጨማሪ ኮሌስትሮል ወደ ሐሞቱ ስለሚያስገባ አዲስ ጠጠር የመፈጠር ዕድሉ ይጨምራል። ክብደት በሚቀንሱ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ቅባት ከሞላ ጎደል የተነፈጉት ላይ ጠጠር ሲፈጠር፣ ጥቂት ቅባት ያገኙት ላይ አልታየም። ስለዚህ ዘይትን ዜሮ ማድረግ ግብ አይደለም። በየማዕዱ ትንሽ፣ በአንዴ ብዙ ሳይሆን።

ጾሙን በተመለከተ ሁለት ነገር ልበል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ የሚቆይ፣ 55ቱን ቀን የሚያደርስ ታማሚ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙም የምታዝንበት ሥርዓት አላት። በረመዳንም የታመመ ሰው ጾሙን አቆይቶ በሌላ ቀን የመክፈል ፈቃድ አለው። ጾሜ ይቅር አልልም ያለ ደግሞ አደገኛውን ሰዓት ይወቅ፦ የፋሲካ ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በባዶ ሆድ ላይ የሚወርደው ዶሮ ወጥ፤ ወይም የመግሪብ አዛን እንደተሰማ በተርታ የሚነሳው ሳምቡሳ። ቴምሩንና ሾርባውን አስቀድሞ፣ ሳምቡሳውን ለጎረቤት ልጆች መተው ይሻላል። በፋሲካው ደግሞ አክስት «በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ!» ማለቷ አይቀርም። ከመረቁ ሳይሆን ከሥጋው ያጉርሱኝ ማለት ነውር የለውም፤ ቅባቱ ያለው ላይ የሰፈፈው መረቅ ላይ ነው።

ሳልነካው የማላልፈው አንድ ነገር የወይራ ዘይትና የሎሚ ጭማቂ ጠጥቶ «ጠጠር ማስወጣት» የሚባለው ነው። ጠጪው በማግሥቱ አረንጓዴ ጠጠር የሚመስል ነገር ሽንት ቤት ያያል፤ ፎቶ አንስቶም ይልካል። እ.ኤ.አ. በ2005 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ዘገባ እንዲህ ያለውን «ጠጠር» በላቦራቶሪ መርምሮ ሳሙና መሆኑን አሳይቷል፤ ዘይቱና ሎሚው ሆድ ውስጥ ተዋህደው የሠሩት። እውነተኛው ጠጠር ቦታው ላይ ነው። ከዚያም በላይ ያን ያህል ዘይት በአንዴ መጠጣት ከረጢቱን በኃይል ማስጨመቅ ነው፤ ትንሽ ጠጠር ወደ ሐሞት ቱቦ ገብታ ብትዘጋው ጣጣው ወደ ቆሽት ይዛመታል።

የቆሽት ነገር ከተነሳ፣ በምግብ የማይታለፉ ምልክቶች አሉ። ሕመሙ ከ5 ወይም ከ6 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረና ዓይነ ምድር ከነጣ፣ ትውከቱ አልቆም ካለ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

አመጋገቡ ሲሳካ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ሁለት ወር ሳያመው የቆየ ሰው «ተሻለኝ» ብሎ ተራውን ይለቃል። ምግብ ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ ጠጠሩን አያሟሟም። ሐሞት ከረጢትን ማውጣት አዲስ ነገር አይደለም፤ ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ላንገንቡህ በርሊን ውስጥ የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው፤ በትንንሽ ቀዳዳዎች በመመልከቻ መሣሪያ እየታየ ማውጣትም እ.ኤ.አ. በ1985 እዚያው ጀርመን በኤሪክ ሙኧ ተጀመረ። ከረጢቱ ከወጣ በኋላ ሐሞቱ ከጉበት በቀጥታ ወደ አንጀት ይፈስሳል፤ አንዳንዱን ሰው ለጥቂት ጊዜ ሆዱን ያስቀምጠው ይሆናል እንጂ አብዛኛው ሰው እንደ ድሮው ይበላል። ስለዚህ እየበሉ ይጠብቁ፤ ቀጠሮዎን ግን አይሰርዙ።