ባህል ድንበር ይገፋልን? ከጣርማ በር ገደል አፋፍ የታየ የመንግሥታት ጨዋታ

ባህሉ የበለጸገ መንግሥት ጦር ሳያዘምት የጎረቤቱን ምድር ይወርሳል የሚለው እምነት፣ ሲቪላይዜሽን የተባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ በሚጫወቱ ወጣቶቻችን ዘንድ እንደ ቀኖና ጸንቶ ይኖራል። እምነቱ ፈጽሞ ሐሰት ባይሆንም ዘመኑ ያለፈበት ነው። በአራተኛው እትም የባህል ኃይል ሌላው የያዘውን ምድር ሳይቀር ይነጥቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው በስድስተኛው ግን ባህል የሚያስገኘው ባለቤት የሌለውን ምድር ብቻ፣ ያውም አንድ አንድ የካርታ ቤት እየጨመረ ነው። ከተማን ከጌታዋ የሚያስከዳት እ.ኤ.አ. በ2018 የተጨመረው የታማኝነት ሥርዓት ሲሆን፣ እርሱም እስከ 9 ቤት ድረስ የሚደርስ፣ ርቀቱ በጨመረ መጠን የሚደክም የሕዝብ ብዛት ጫና ነው፤ ስለዚህ በኪነ ጥበብ የከበረች ከተማ ከወገኖቿ ርቃ ብቻዋን ከተተከለች፣ ሕዝበ ብዙ ጎረቤት ያስከዳታል።

«ወሰን ከተዘጋ ማንም አይገባም» የሚለው ሁለተኛው አባባል የበለጠ ያሳስታል። በጨዋታው የተዘጋ ወሰን የሚከለክለው ወታደርንና ሰፋሪን ነው፤ ነጋዴና ሰባኪ ግን ያለ ፈቃድ ያልፋሉ። የነጋዴውን ነገር የሸዋ ታሪክ ያጸናዋል፦ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ በግመል የመጣው ሲራራ፣ ወላስማ መሐመድ የሚጠብቀውን የምሥራቁን በር አልፎ፣ ከአንኮበር ግርጌ ባለችው በአልዩ አምባ ቀረጡን ከፍሎ ይገበያይ ነበር። በሰባኪው ነገር ግን ታሪክና ጨዋታ ይለያያሉ። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ በ1831 ዓ.ም. ሸዋ ገብቶ በንጉሡ ዘንድ ሞገስ ቢያገኝም፣ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ በኅዳር 1834 የወዳጅነት ውል በተፈራረመ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሸዋ ወጣ፤ በታጁራ በኩል ተመልሶ ሊገባ በሞከረ ጊዜም ንጉሡ በሩን ዘጋበት። ሸቀጥ ቀረጥ ትቶ ያልፋል፣ ስብከት ግን የሕዝብን ልብ ይዞ ይቀራልና፣ እንደ እኔ አሳብ ከጨዋታው ደራስያን ይልቅ ሣህለ ሥላሴ የወሰንን ነገር አጥልቆ ያውቅ ነበር።

ተራራ የማይደፈር ቅጥር ነው ለሚሉም ጣርማ በር መልስ አለው። በጨዋታው ተራራን እግረኛ አያልፈውም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ጭማሪ ግን የጦር መሐንዲስ ዋሻ ይሰረስርበታል። ጣሊያንም በወረራው ዘመን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ አፋፍ ዋሻ ሰርስሮ በሙሶሊኒ ስም ጠራው፤ በ1933 ዓ.ም. ድል ሲሆን ስሙ ሄደ፣ ዋሻው ግን ለአዲስ አበባና ለደሴ መንገደኛ ቀረ። ዋሻው ሳይኖርም ቢሆን የሸዋ ሰው በበቅሎ ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል፤ በቅሎን የጨዋታው ሕግ አያውቃትም።

እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ጨዋታው የገቡት ዳግማዊ ምኒልክ በኮረብታ ላይ ከቆረቆሩት ከተማ፣ ከተማዪቱ ከምታፈራው እምነት 15 በመቶውን ያህል ባህልና ሳይንስ ያገኛሉ፤ መልካም ስጦታ ነው። በተራራ ላይ ግን ከተማ መቆርቆር ክልክል በመሆኑ፣ ካርታ ሠሪው አንኮበርን ከተራራ ከቈጠራት የአያታቸው የሣህለ ሥላሴ መናገሻ ጭራሽ አትመሠረትም።