ያውቁ ኖሯል? ረጅም እጀታ ከጉልበት ይበልጣል

የከባድ ጭነት መኪና የጎማ ዳዶ ብዙውን ጊዜ እስከ 600 ኒውተን ሜትር በሚደርስ የመጠምዘዝ ኃይል ይጠብቃል። እጀታው 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቁልፍ ይህን ኃይል ለማግኘት ጫፉ ላይ 200 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ማሳረፍ ይጠይቃል፤ እጀታው አንድ ሜትር ከሆነ ግን 60 ኪሎ ግራም ይበቃል። በጋራዥ ውስጥ ጎማ የሚፈታ መካኒክም ሆነ አዋሽ መንገድ ላይ የቆመ ሾፌር የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

ርዝመት ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። ጥሩ ቁልፍ ብዙውን ጊዜ ከክሮም ቫናዲየም ብረት ተቀጥቅጦ ይሠራል። በቅርጽ ውስጥ ፈሶ የተሠራ ርካሽ ብረት ከባድ ጫና ሲያርፍበት ሳይታሰብ ሊሰበር ይችላል፤ የሠራተኛው እጅም ከብረት ጋር ይላተማል። ከእጀታው ይልቅ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው አፉ ነው። ባለ ስድስት ማዕዘን አፍ የዳዶውን ጎኖች ስለሚጨብጥ ማዕዘኑን ቶሎ አይበላም፤ ባለ 12 ማዕዘኑ ግን ጫፍ ጫፉን ብቻ ስለሚይዝ ለዛገ ዳዶ አይመረጥም። አፉ የሰፋ ቁልፍ ምንም ያህል ቢረዝም ዳዶ ከማበላሸት አያልፍም።

በአጭር ቁልፍ እጀታ ላይ ቱቦ ሰክቶ ማስረዘም በየጋራዡ የተለመደ ነው። አደገኛም ነው፤ ቁልፉ የተሠራው ለራሱ ርዝመት በሚመጥን ጫና ነውና። ለዛገ ዳዶ አስቀድሞ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ማጠጣት፣ ከዚያም ረጅሙን ቁልፍ ወደ ራስ መሳብ ይሻላል። የመጠምዘዝ ኃይልን የሚለካው የቶርክ ቁልፍ ደግሞ ምንም እንኳ እጀታው ረጅም ቢሆን ለማጥበቂያ እንጂ ለመፍቻ አይውልም።